ሞተሩ የቆመበት ሰዓት

አስናቀ ታፈረ ሞቶ የተገኘው ነሐሴ ዘጠኝ ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ እሱው ራሱ ባስገነባው ገንዳ ውስጥ ነው።

መርማሪው መቶ አለቃ መርስዔ ኀዘን ቦታው ሲደርስ ከጣና የተነሣው ጭጋግ ገና አልተገፈፈም ነበር። መቶ አለቃው ወባ ጥሎት ከአልጋ ከወረደ አራተኛ ቀኑ ነው። የዋጠው ክሎሮኪን በጆሮው ውስጥ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል። ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ሕልም ይመጣበታል፤ ሲገልጠውም ሕልሙ ቶሎ አይሄድለትም። በጭጋጉ ውስጥ አራት ሰዎች አንድ ረጅም ሰው በጣውላ ተሸክመው ወደ እሱ ሲመጡ ባየ ጊዜ፣ እውን መሆኑን ለማረጋገጥ የገዛ እጁን ቆነጠጠ።

እውን ነበር። የሟቹ አንድ ክንድ የሆነ ነገር ሊያቀብል እንደፈለገ ሁሉ ወደ ላይ ተዘርግቶ ደርቋል። ተሸካሚዎቹ ሊያጥፉት ቢሞክሩ አልታጠፍላቸው አለ።

"ውሃው ነው ያደረቀው" አሉ የጣቢያው ዘበኛ አቶ ቢያዝን፣ ጋቢያቸውን ወደ አገጫቸው እየሳቡ። "የነሐሴ ውሃ በረዶ አይደል።"

ባሕር ዳር በዚያ ዘመን ጥራጊዋን የምትደፋው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ጉድባ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ዝናቡ በክምሩ ውስጥ ሰርጎ ከግርጌው እንደ ቁስል እዥ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ያ እዥ ወደ ረግረጉ፣ ከረግረጉም ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ቡልጋሪያ ኬሚስትሪ ተምሮ የመጣው አስናቀ ይህን አይቶ ዝም ማለት አልሆነለትም። ሦስት ዓመት ደጅ ጠንቶ አንድ የሙከራ ጣቢያ አስፈቀደ። በጣቢያው ሦስት ገንዳዎች አሉ። በመጀመሪያው ጭቃው ይዘቅጣል። በሁለተኛው ለዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ቆሻሻውን ይበላሉ፤ እስትንፋስ እንዲያገኙም ሞተር ከሥር በቧንቧ አየር ይነፋላቸዋል። ከዚያ በኋላ ፓምፕ ውሃውን ሜምብሬን በሚባል፣ ከሽንኩርት ልባስ በሳሳ ሽፋን ውስጥ ያሳልፈዋል። ነፍሳቱም መርዙም ወዲህ ይቀሩና ጥሩው ውሃ በሦስተኛው ገንዳ ይጠራቀማል። ሠራተኞቹ ሜምብሬኑን "ቆዳው" ይሉታል።

አስናቀ የሞተው በሁለተኛው ገንዳ ነው።

መርስዔ በጠርዙ ላይ ቁጢጥ አለ። ውሃው እንደ ቀለም ጠቁሯል፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። በላዩ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንዲት ጠባብ የጣውላ መረማመጃ ተጋድማለች።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"ኧረ ወዲያ! ሞተሩ ሲሠራ እንደ ጠላ ድፍድፍ ይፍለቀለቃል እንጂ" አሉ አቶ ቢያዝን። "ሌሊቱን ሲያጓራ አድሮ፣ ሊነጋ ሲል አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀጥ አለ። ጎሕ ሲቀድ ምን ነካው ብዬ ብወርድ፣ የዝናብ ካፖርቱ ቧንቧው ላይ ተይዞ አየሁት። ጮህሁ።"

"አስናቀ መቼ መጣ?"

"ሲገባ አላየሁትም። በታችኛው በር መጥቶ ይሆናላ።"

መርስዔ ወደ ሞተሩ ክፍል ገባ። መብራት አለ። የሞተሩ ማጥፊያ እጀታ ግን ወደ ታች ወርዷል።

"ይህን ማን አወረደው?"

"እኔ በታቦት እምላለሁ፣ አልነካሁም!"

መርስዔ እጀታውን ሞከረው። በክንድ ኃይል ካልተጫኑት በስተቀር በራሱ የሚወርድ አልነበረም። እንግዲህ አስናቀ ሲሞት፣ ወይም እንደሞተ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው ቆሞ ነበር ማለት ነው።

*

የጣቢያው የላቦራቶሪ ሠራተኛ እሌኒ ትባላለች። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ከሃያ ስድስት አይበልጥም። መርስዔ ሦስት ሰዓት ላይ ሲገባ በማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ፣ ዓይኖቿ አብጠው አገኛት።

"እነዚህም ሞተዋል" አለችው፤ ቀና ሳትል።

"እነማን?"

ቦታውን ለቀቀችለት። መጀመሪያ ከሁለተኛው ገንዳ የቀዳችውን ጠብታ አሳየችው፤ የተበጣጠሰ ድርና አመድ የመሰለ ነገር ብቻ ነበር። ቀጥላ በመስኮቱ ላይ በትንሽ ማናፈሻ ከምታኖረው ማሰሮ ሌላ ጠብታ አስቀመጠች። መርስዔ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ማንሣት አቃተው። ከግንድ ላይ የበቀሉ ደወሎች የሚመስሉ ነፍሳት ነበሩ፤ ከንፈራቸውን እየከፈቱና እየዘጉ፣ በአንድነት ይወዛወዛሉ። ድምፅ የላቸውም። በጆሮው ውስጥ ያለው ጩኸት ግን የነሱ መዝሙር መሰለው።

"አየር ሲያጡ እንዲህ ይሆናሉ" አለች እሌኒ። "ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ልጅ ነው ያሳደግናቸው።"

"ትናንት አስናቀን የተለየሽው ስንት ሰዓት ነው?"

"አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወጣሁ። እሱ ቀረ። ሞተሩ እየሠራ ነበር።"

"ማታስ?"

"ቤቴ ነበርኩ፤ አከራዬን መጠየቅ ይችላሉ። እስኪነጋ አልወጣሁም።"

መርስዔ ጻፈ። እንባዋ ለሰውየው ይሁን ለነፍሳቱ መለየት አልቻለም፤ ያን ጊዜ ሁለቱም አንድ መሰሉት።

*

የፕሮጀክቱ ኃላፊ ጓድ አንዳርጋቸው ከጢስ ዓባይ ገና መመለሱ ነበር። ትናንት በስድስት ሰዓት ወጥቶ፣ ለስብሰባ እዚያው አድሮ መምጣቱን ሾፌሩም፣ አብረውት ያደሩት ስድስት ሰዎችም መሰከሩ።

"የሥራ አደጋ ነው" አለ፤ ከወንበሩ ሳይነሣ። "መረማመጃዋ እርጥብ ናት፤ አዳለጠው። ምን የሚመረመር አለ?"

"ሞተሩን ያጠፋ እጅ አለ፣ ጓድ።"

"ራሱ አጥፍቶት ይሆናል።"

"አጥፍቶ ለምን ወደ ገንዳው ይገባል?"

አንዳርጋቸው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "መቶ አለቃ፣ መስከረም ሁለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ። አዲሱ ሪፐብሊክ ይታወጃል። በዚያ ቀን የሦስተኛው ገንዳ ውሃ በቧንቧ ሄዶ፣ አዲስ ሰፈር በሚገኘው ቦኖ ይከፈታል። ሁለት መቶ አባወራ ነው! ከቆሻሻ የወጣ የመጠጥ ውሃ፤ እንዲህ ያለ በአፍሪካ የለም። የሁለት ወር ውጤት እጄ ላይ አለ፤ ጠርሙሱን ብታየው መስተዋት ነው። ይህን ነገር በወሬ እንዳታበላሽብኝ።"

"ውጤቱን አስናቀ ነው የሠራው?"

"አስናቀማ ከሰኔ መባቻ ጀምሮ ለፖለቲካ ትምህርት አዲስ አበባ ነበር። የተመለሰ ሦስት ቀኑ ነው።"

*

የሟቹ ሚስት ወይዘሮ አደይ ከልቅሶው ድንኳን ወጥተው መርስዔን በጓሮ በኩል አነጋገሩት። ድምፃቸው በጩኸት ብዛት ተዘግቷል።

"ልጠይቅዎ የማይገባኝን ጊዜ መርጬ መጣሁ" አለ።

"ይጠይቁኝ። ሰጥሞ ሞተ ይሉኛል። እኔና እሱ የደልጊ ልጆች ነን፣ ጌታዬ፤ ጣና ውስጥ ነው ያደግነው። አስናቀ ማዕበል ታንኳ ሲገለብጥ ሁለት ሰው በብብቱ አቅፎ ዳር ያወጣ ሰው ነው። ከቁመቱ ብዙም በማይበልጥ ጉድጓድ ውስጥ እሱ ይሰጥማል?"

"ጠላት ነበረው?"

"ከቆዳ ነጋዴው ከሙሀመድሰዒድ ጋር ተጣልተዋል። በገበያ መኻል 'ውሃህ ይብላህ!' ብሎታል፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል።" ጥቂት አሰቡና ጨመሩ። "ከመጣ ወዲያ እንቅልፍ አልነበረውም። 'አደይ፣ ውሃው ዋሸኝ' አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ሳይነግረኝ ወጣ።"

"ማስታወሻ ይይዝ ነበር?"

"አዲሱ አብሮት ነው የወጣው። አሮጌው አለ።"

አዲሱ ማስታወሻ በካፖርቱ ኪስም፣ በገንዳውም፣ በላቦራቶሪውም አልተገኘም። መርስዔ አሮጌውን በብብቱ ይዞ ወጣ።

የሆስፒታሉ ሐኪም ለወረርሽኝ ወረታ ወርዶ ስለነበር ሬሳውን ያየው ወደ አመሻሽ ላይ ነው። ውሃ ገብቶበት እንደሞተና በቀኝ እጁ አንጓ ላይ የተጨመደደ ምልክት እንዳለ ነገረው። "ሰዓቱን ከጠየቅኸኝ ግን፣ ጠዋት አይቼው ቢሆን እነግርህ ነበር" አለ። "አሁን ረፍዷል።"

*

አቶ ሙሀመድሰዒድ በወደቡ አጠገብ ባለው የቆዳ መጋዘናቸው በር ላይ በጨው ከረጢት ተቀምጠው ነበር። ጢማቸው በሒና የቀላ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው።

"እንደሚመጡ አውቃለሁ" አሉ። "'ውሃህ ይብላህ' ብያለሁ። የቆዳ ፍቅፋቂና ጨው ጉድባው ውስጥ እንዳልደፋ ከለከለኝ። 'ጨውህ ነፍሳቶቼን ይገድላቸዋል' አለኝ። እኔ ደግሞ ተቆጣሁ፤ ለማይታይ ፍጥረት እኔ የማየው ልጄ ይራብ? ወላሂ፣ ዛሬ የአፌን ቃል መልሼ ብውጠው ደስታዬ ነበር።"

"ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የት ነበሩ?"

"ለሱብሒ ሶላት መስጊድ። ኢማሙን ይጠይቁ።"

ኢማሙም፣ አብረው የሰገዱትም እንዲሁ ብለው መሰከሩ። ሁሉም ሰው በአሥራ አንድ ሰዓት ላይ የትም ነበር እንጂ ከገንዳው አጠገብ አልነበረም።

*

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ተመለሰበት። መርስዔ በቢሮው አግዳሚ ወንበር ላይ ጋደም ብሎ የአስናቀን ማስታወሻ ያነባል። ውጭ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ያንሾካሹካል። ቃላቱ ከገጹ እየተነሡ እንደ ደወሎቹ ነፍሳት በዓይኑ ፊት ይወዛወዙ ጀመር። አንዴ አስናቀ ራሱ እግሩ ሥር ተቀምጦ፣ ልብሱ እየተንጠባጠበ፣ የተዘረጋውን ክንዱን ወደ ማስታወሻው ሲያመለክት ያየው መሰለው። ላብ አጥምቆት ባነነ። ጣቱ በሁለት መሥመሮች መኻል አርፎ ነበር።

"ሚያዝያ 11፦ መብራት ጠፍቶ ሞተሩ አምስት ሰዓት ቆመ። ውሃው እንደ ቡናማነቱ ነው። ሽታ የለም። ነፍሳቱ ደክመዋል እንጂ አሉ።"

"ግንቦት 3፦ ዐሥራ አራት ሰዓት ሙሉ ቆመ። ገንዳው ጠቆረ፤ የተበላሸ እንቁላል ሽታ። ነፍሳቱ አልቀዋል። እንደገና ከማሰሮው ዘር።"

መርስዔ ቀና ብሎ ተቀመጠ። እሱ ትናንት በጠዋት ያየው ጥቁር ውሃ ነው። የተበላሸ እንቁላል ሸትቶታል። እሌኒም ያለቁትን ነፍሳት አሳይታዋለች። ሞተሩ የቆመው በአሥራ አንድ ሰዓት ሌሊት ቢሆን ኖሮ፣ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ያለፈው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። በሁለት ሰዓት ገንዳ አይጠቁርም። የዚያ የደረቀ ክንድም ነገር ገባው፤ በረዶ ሳይሆን ሌሊት ሙሉ ያለፈው ሞት ነው ያደረቀው።

ዐሥራ አራት ሰዓት ወደ ኋላ ቢቆጠር፣ አስናቀ የሞተው በዋዜማው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው።

ኮቱን ደርቦ በቀጥታ ወደ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። የፍልሰታ ቅዳሴ ተፈጽሞ ሕዝቡ እየወጣ ነበር። አቶ ቢያዝንን በዋርካው ሥር አገኛቸው።

"አባቴ፣ ከትናንት ወዲያ ሌሊት የት አደሩ?"

ሽማግሌው መቋሚያቸውን ሙጭጭ አድርገው ያዙ። "ጣቢያው…"

"ሞተሩ ሌሊቱን አልሠራም። ይህን እኔም፣ ገንዳውም እናውቃለን።"

አቶ ቢያዝን የዋርካው ሥር ላይ ተቀመጡ። "ሱባኤ ገብቼ ነው፣ ጌታዬ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከላይኛው በር ደርሼ፣ ዝናቡ ሲጀምር እዚያው ቆልፌ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ዝናብ ሲጥል ሞተሩ ከበሩ ላይ አይሰማም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብመለስ ጭጭ ብሏል። አሁን የቆመ መሰለኝ። ሥራ ጥሎ ለጸሎት ሄደ ቢባል፣ ጸረ ሕዝብ ተብዬ የት እደርሳለሁ ብዬ ፈራሁ።"

"ይህን ለኔ እንጂ ለማንም አልነገሩም" አለና መርስዔ እጃቸውን ይዞ አስነሣቸው።

*

ሰዓቱ ሲዞር ምስክርነቱም አብሮ ዞረ። አንዳርጋቸው ያን ከሰዓት በኋላ በጢስ ዓባይ ስብሰባ መድረክ ላይ ነበር። የቀን ሠራተኞቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጥተዋል። ሙሀመድሰዒድ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የጎርጎራን መርከብ ቆዳ ሲያስጭኑ፣ ወደቡ ሙሉ አይቷቸዋል።

መርስዔ ግን ወደ ነጋዴው የተመለሰው ስለዚህ አልነበረም። "ውሃው ዋሸኝ" የሚለው ቃል አላስተኛ ብሎት፣ በማስታወሻው ላይ ባለው ሥዕል እየተመራ የሜምብሬኑን መያዣ ፈትቶ ነበር። በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣውን በነጋዴው ጉልበት ላይ ዘረጋው። መኻሉ ላይ የመዳፍ ያህል ተቀዷል።

"እርስዎ ቆዳ ያውቃሉ። ይህ መቼ ተቀደደ?"

ሙሀመድሰዒድ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ብርሃኑ አነሡት። በአውራ ጣታቸው የቅዱን ከንፈር ዳሰሱ፤ አሸተቱትም።

"ይህ የሰሞኑ አይደለም። አዲስ ቅድ ጠርዙ ስለት ነው። ይኸው፣ ውሃ እያለፈበት ለስልሶ ተላልጧል፤ አረንጓዴ አተላም በቅዱ ውስጥ አርጅቶ በቅሏል። ሁለት ወር አያንሰውም። በዚህ ያለፈ ውሃ ተጣርቷል ያለዎት ማን ነው?"

ያ ሁሉ መስተዋት የመሰለ ጠርሙስ እንግዲህ ከሦስተኛው ገንዳ አልተቀዳም። ጠርሙሱን የምትሞላው ደግሞ አንዲት ሴት ብቻ ናት።

መርስዔ የእሌኒን አከራይ ወይዘሮ ጽጌን የጠየቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዋዜማው ስንት ሰዓት ገባች?

"አሥራ አንድ ሳይሆን ነው የገባችው። ደግሞ እንዲያው ሳይዘንብ ርሳ መጣች" አሉ ሴትዮዋ። "እስከ ትከሻዋ፣ እጅጌዋ በሙሉ። ዝናቡ የጀመረው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ምን ነካሽ ብላት፣ ቧንቧ ፈነዳብኝ አለች። ሌሊቱን ሙሉ ልብሷን ስታጥብ ነበር።"

*

በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ እሌኒን በሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ በሚጀምርበት አገኛት። ዝናቡ አባርቶ ጣና ከሰማዩ ጋር አንድ ሆኗል፤ አንዲት ታንኳ በመኻሉ ትሄዳለች፤ በውሃ ላይ ትሁን በደመና ላይ አይለይም። መርስዔ አጠገቧ ተቀምጦ ጋዜጣውን ፈታ። ቅዱን አየችው። አልደነገጠችም። ብዙ ቀን ያዘለችውን ሸክም የሚያወርድላት ሰው የመጣ ይመስል ትከሻዋ ወረደ።

"ሰኔ አምስት ነው የተቀደደው" አለች። "መለዋወጫ የለም። አስናቀ የለም። ለጓድ አንዳርጋቸው ብነግረው፣ ጣቢያውን ዘግቶ ሞተሩን ለመንግሥት እርሻ እንደሚሰጥ አውቃለሁ፤ ሲዝት ነበር። ሞተሩ ከሄደ ነፍሳቱ በአንድ ቀን ያልቃሉ። ሁለት ዓመት የለፋንበት! ስለዚህ የምንጭ ውሃ እየቀዳሁ ጠርሙሱን ሞላሁ። አዲሱ ቆዳ እስኪመጣ ብቻ ነው ብዬ።"

"ከዚያ ቦኖው መጣ።"

"ቁጥሩን አይቶ ቧንቧ መዘርጋት ጀመረ። እኔ ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። በየቀኑ ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ በየቀኑ ቧንቧው አንድ አንድ ሜትር ይረዝማል።" ደንገሉን በጣቷ እየላጠች ቆየች። "አስናቀ በመጣ በማግስቱ ከገንዳው ራሱ ቀድቶ መረመረው። ነሐሴ ስምንት፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ መረማመጃው ላይ ቆሞ ጠራኝ። አልጮኸም። 'እሌኒዬ፣ ነገ ጠዋት ለበላይ አመለክታለሁ። አንቺ ቀድመሽ ብትነግሪያቸው ይሻልሻል' አለኝ። ማስታወሻውን ያዝኩበት። እጁን ጨምድጄ ያዝኩት። ሳብ አደረገው፤ እኔም ሳብኩ። ከእጁ ሲወጣ እግሩ ከዳው።"

"አስናቀ ዋና ያውቅ ነበር።"

"አየር የሚፈላበት ውሃ ሰው አይሸከምም፣ መቶ አለቃ። ግማሹ አየር ነው፤ ምንም ዋናተኛ ቢሆኑ የሚጨብጡት ነገር የለም። እሱ ራሱ ነው መጀመሪያ ቀን ያስጠነቀቀኝ። አንዴ ብቅ አለ። ከዚያ ወዲያ አረፋው ብቻ ነው። እኔ ዋና አልችልም። ሮጥኩና ሞተሩን አጠፋሁት፤ ውሃው ውሃ ይሁንለት ብዬ። አረፋው ሲረጋ ካፖርቱ ተንሳፈፈ። እጅጌውን ይዤ ሳብኩ። ከበደኝ። ጠራሁት። ከዚያ… እንደሞተ ገባኝ።"

ታንኳዋ በጭጋጉ ውስጥ ገብታ ጠፍታለች።

"ስትወጪ ሞተሩን መልሰሽ ብታስነሺው ኖሮ" አለ በመጨረሻ፣ "ነፍሳቱ ይተርፉ ነበር፤ ውሃውም አይጠቁርም። እኔም ሰዓቱን አላውቅም ነበር።"

"አውቃለሁ። እጄን እጀታው ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ። ግን እሱ እዚያ እያለ? ከሥሩ አየር ልንፋበት? ሲገለባበጥ ልተወው? አልቻልኩም። ሁሉንም አጥፍቼ ሄድኩ።"

"ሰውም አልጠራሽም።"

"አልጠራሁም። እሱን ብቻ ለራሴም ይቅር አልለውም።"

"ስሚኝ" አለ መርስዔ። "ሞቱ የሥራ አደጋ ነው የሚል ትእዛዝ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ዝም ካልሽ ፋይሉ ይዘጋል። መስከረም ሁለት ግን ቦኖው ይከፈታል። ቆዳው መቀደዱን የምናውቀው አንድ ነጋዴ፣ አንድ ወባ ያናወዘው ፖሊስና አንቺ ነን። የነጋዴና የፖሊስ ቃል ቧንቧ አይዘጋም።"

ሁለት መቶ አባወራ ስንት ልጅ እንዳለው እያሰላች ይመስል የእሌኒ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ከነጠላዋ ሥር ውሃ ያበላሸው ማስታወሻ አውጥታ በጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ አስናቀ በመጨረሻው ገጽ የጻፈው የገንዳው ውሃ ውጤት ቀለሙ ቢፈስም ይነበባል።

"ወረቀት ይዘዋል?" አለችው።

መጀመሪያ የጻፈችው ስለ ውሃው ነው። ስለ ራሷ የጻፈችው በሁለተኛው ገጽ ነው።

*

ጓድ አንዳርጋቸው ሁለቱንም ገጾች ሁለት ጊዜ አነበበ።

"ይህ ሁለተኛው የናንተ ሥራ ነው፤ አልገባበትም" አለ። "የመጀመሪያውን ገጽ ግን አውጣው። አንዲት ነፍሰ ገዳይ የጻፈችው ነው።"

"ገጹ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ጓድ።"

"ቁጥር ይለወጣል። የምትጫወተው በማን ላይ እንደሆነ ታውቃለህ?"

"አንዱ ቅጂ ከማስታወሻው ጋር ትናንት ለጤና ጥበቃ ሄዷል። በአደራ ፖስታ፣ በሪኮማንዴ።"

የአንዳርጋቸው ቁጣ ጥሎት ሲሄድ ፊቱ ላይ የቀረው ነገር ፍርሃት ነበር፤ መርስዔም ለአፍታ አዘነለት። "እኔ እኮ ቁጥሩን አምኜ ነው" አለ አንዳርጋቸው፣ እንደ ልመና በሆነ ድምፅ። "ማንም ሰው ያምን ነበር።"

በሳምንቱ የሦስተኛው ገንዳ ቧንቧ በሲሚንቶ ተደፈነ። እሌኒ ወደ ደብረ ማርቆስ ወኅኒ ቤት ተወሰደች። በጳጉሜን የመጀመሪያ ቀን መርስዔ አጭር የዝውውር ደብዳቤ ደረሰው፤ ምክንያት አልተጻፈበትም።

መስከረም ሁለት ቀን አዲስ ሰፈር በባንዲራ አሸብርቆ ዋለ። ድምፅ ማጉያው መዝሙር ያሰማል። የቦኖው ቧንቧ ቀይ ሪባን እንደታሰረለት ደርቆ ቆሟል፤ ሊፈታው የመጣ ባለሥልጣን የለም። ሴቶቹ ግን ከማለዳው ጀምሮ ጄሪካንና እንስራ ይዘው ተሰልፈዋል፤ ውሃ ዛሬ ነው ተብለው ነበር። መርስዔ የጉዞ ሻንጣውን ይዞ በዚያ ሲያልፍ አንዲት አሮጊት የደንብ ልብሱን አይተው ጠሩት።

"ምነው ልጄ፣ ውሃው የት አለ?"

"አልደረሰም፣ እናቴ።"

"እሱማ ደርሶ ነበር! አንድ ክፉ ሰው አስቀረው ይላሉ።" አሮጊቷ እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። "ይህን ውሃ ያስቀረብን ሰው፣ እሱም በጥም ይቃጠል!"

መርስዔ ቆቡን አወለቀ።

"አሜን" አለ፤ ጄሪካኑን ከእጃቸው ተቀብሎም እስከ ምንጩ ድረስ አብሯቸው ወረደ።